የሌሊቱን ሰማይ ፎቶ ስለሚያነሱ ልጆቻችንና ስለ በራፍ መብራታችን

(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ሦስተኛው አጀንዳችን በሌሊት ፎቶ ስለ ማንሳት ነው። «ይኼ ደግሞ የማኅበር ጉዳይ ነው ወይ?» ያላችሁ አላችሁ። አዎን፣ ነው። ወጣቶቻችን ማታ ማታ ካሜራና ስልክ ይዘው ሜዳ ላይ ሲቆሙ የሠፈሩ ጥበቃ ሌባ እየመሰሉት ያባርራቸዋል። ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል፤ ጥበቃውም ሥራውን ነው የሠራው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ፣ ለምን በጨለማ ይቆማሉ? የቀን ፎቶ በቅጽበት ያልቃል። የኮከብ ብርሃን ግን ጥቂት ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ 15 ወይም 20 ሰከንድ መጠበቅ አለበት። ልክ እንደ ዕቁብ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀምና ዓይናችን ያላየው ኮከብ ፎቶው ላይ ይወጣል። በዚያ መሐል ካሜራው ከተነቃነቀ ሥራው ተበላሸ። ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ የሚያስሩት ለዚህ ነው። ማቆሚያ የሌለው ስልኩን በድንጋይ ደግፎ፣ ጣቱ እንዳያነቃንቀው ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጎ ያንሳ።

ጊዜው ከ30 ሰከንድ እያለፈ ሲሄድ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ይሆናል፤ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና። ገረሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ወደ ምሥራቅ ያነሳ ሰው ከዋክብቱ ቀጥ ብለው ሲወጡ ያገኛል። የሰሜን ኮከብ ለእኛ ዝቅ ያለች ናት፤ ተራራ ከጋረዳት አትታይም። በጥር ወር ከንጋት በፊት ደግሞ በደቡብ በኩል የመስቀል ቅርጽ ያላቸውን ከዋክብት እናያለን። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ከደጁ አያገኝም።

ሁለተኛው ነገር መብራት ነው። ካሜራው የኮከቡን ብርሃን እንደሚያጠራቅም የበራፋችንንም አምፖል ያጠራቅማል፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ይነጣል። በ2007 ዓ.ም. እንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የከዋክብት መመልከቻ ተመርቋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ቢሆንም የአዲስ አበባ መብራት ያስቸግረዋል። በመሆኑም ባለሙያዎች ጨለማ ፍለጋ እስከ ላሊበላ አካባቢ ተራሮች ድረስ ሄደዋል። እነሱ የሚፈልጉት ጨለማ እኛ ደጃፍ ላይ አለ፤ ሳናውቀው እንዳናጠፋው ነው።

መብራት ይጥፋ አላልኩም! ለመብራት ስንት ጊዜ ደጅ የጠናን ሰዎች ነን። ነገር ግን ወደ ሰማይ የሚያበራ አምፖል ለማን ይጠቅማል? መንገዱ ያለው ከታች ነው። በላዩ የቆርቆሮ ክዳን ብናደርግለት ብርሃኑ ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ ከገበያ አምሽተው የሚመጡ እናቶችም በደንብ ያያሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ፦

1ኛ/ ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ስማቸውንና የሚቆሙበትን ቦታ ለጥበቃው ያስመዝግቡ። ከሦስት ያላነሱ ሆነው ይሂዱ። የሰው ማሳ አይርገጡ፤ መቃብር አጠገብም ሽማግሌ ሳያስፈቅዱ አይቁሙ።

2ኛ/ ጥበቃው ባትሪውን ከማብራቱ በፊት ድምፅ አሰምቶ ይጥራቸው። አንዴ ብልጭ ያለ ባትሪ የ20 ሰከንዱን ድካም ሁሉ ያበላሻል።

3ኛ/ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ የበራፉን አምፖል ወደ ታች ያዙር። ትርፍ ቆርቆሮ ያለው ለሌለው ያካፍል።

ዝናቡ በሚያንስበት ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሥራው ይመቻል። ያኔ ሰባቱ ከዋክብት ከፍ ብለው ይታያሉ። ልጆቹም ያነሱትን ፎቶ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፉልን ቃል ገብተዋል። እኛም አይተን እንፈርዳለን።

ተቃውሞ ያለው አሁን ይናገር፤ በኋላ በየበራፉ ማጉረምረም አይጠቅምም።