መስመሩ ላይ ነን ወይስ ከመስመሩ በታች? ስለ ማምረት አቅም፣ ስለ ምርጫና ስለ ብክነት



«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ብሂል የምጣኔ ሀብትን መነሻ ሐሳብ በአጭሩ ይገልጻል። መሬት፣ ጉልበትና ጊዜ ውስን ስለሆኑ አንዱን ስንመርጥ ሌላውን እንተዋለን። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ይቀጥላል። «ይህን ለማግኘት ያንን መተው አለብን» የሚለው አባባል መቼ እውነት ነው? መቼስ የብክነት መሸፈኛ ይሆናል?

ሐሳቡን በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ እንመልከተው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተመረጡ ናቸው። ገበሬው ሁለት ሄክታር መሬት አለው እንበል። ሁሉንም ጤፍ ቢዘራበት 30 ኩንታል ያገኛል፤ ስንዴ ግን አይኖረውም። 20 ኩንታል ስንዴ ቢፈልግ ጤፉ ወደ 25 ይወርዳል፤ 40 ቢፈልግ ወደ 15 ይወርዳል፤ መሬቱን በሙሉ ስንዴ ቢዘራበት 60 ኩንታል ስንዴ ያገኝና ጤፉን ያጣል። እነዚህን አራት ነጥቦች በወረቀት ላይ አስቀምጠን ብናገናኛቸው ወደ ውጭ የጎበጠ መስመር ይወጣል። የማምረት አቅም ወሰን የምንለው ይህንኑ መስመር ነው።

መስመሩ ለምን ጎበጠ? የመጀመሪያው 20 ኩንታል ስንዴ 5 ኩንታል ጤፍ አስከፈለ፤ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 15። ምክንያቱ መሬቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ስንዴ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር አይወድም፤ ጤፍ ግን ከስንዴ በተሻለ ይቋቋመዋል። ስለዚህ ገበሬው ስንዴውን አስቀድሞ ውኃ በማይተኛበት መሬት ላይ ይዘራል፤ ስንዴውን እየጨመረ በሄደ ቁጥር ለጤፍ የተመቸውን መሬት ለመንካት ይገደዳል። ለአንድ ነገር ስንል የተውነው ሌላ ነገር የዚያ ነገር የአማራጭ ዋጋ ይባላል፤ ይህ ዋጋ እንዳየነው እየጨመረ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ገበሬው 20 ኩንታል ስንዴና 18 ኩንታል ጤፍ ብቻ አገኘ እንበል። ማዳበሪያው ዘግይቶ ደርሶ፣ ወይም እህሉ በአጨዳና በአውድማ ባክኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ከመስመሩ በታች ነው። ጤፉን ለመጨመር ከስንዴው መቀነስ አያስፈልገውም፤ የጎደለውን ሰባት ኩንታል የወሰደበት ብክነት እንጂ ምርጫ አይደለም። እንዲህ ባለ ሁኔታ «ከሁለት አንዱን ተው» ማለት የሌላውን ጥፋት ዕዳ በገበሬው ላይ መጫን ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ጤፍን በመስመር መዝራት ዘር ይቆጥባል፤ ምርትንም ሊጨምር ይችላል። ይሁን እንጂ እጅግ ደቃቅ የሆነውን ዘር በመስመር ማውረድ በእጅ ከመበተን ይልቅ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያም ጉልበት የሚፈለገው ሥራ በሚደራረብበት ወቅት ነው። እጁ ያጠረው ቤተሰብ ወደ ብተና ቢመለስ «አልገባውም» ልንለው አይገባም። መሬትን ብቻ ቆጥሮ ጉልበትን የረሳ ሰው የሣለው መስመር የዚያን ቤተሰብ ወሰን አያሳይም።

መስመሩ ራሱ የሚሰፋበት ጊዜም አለ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቀደም ሲል ገበሬው ገበያ የሚወደውን ነጭ ጤፍ ቢመርጥ ምርቱ ያንሰዋል፤ ምርት የሚሰጠውን ቢመርጥ ንጣቱ ይጎድለዋል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ዓይነቶች አዳቅለው ሁለቱንም ጠባይ በአንድ ዘር አገናኙ። ይህም ቢሆን በነጻ አልመጣም፤ ለምርምር የዋለው ዓመትና ገንዘብ ለሌላ ሥራ ሊውል ይችል ነበር።

በመጨረሻም፣ መስመሩ ላይ ብንደርስ እንኳ ቅልጥፍና የትኛውን ነጥብ እንድንመርጥ አይነግረንም። በዚያው በ2006 ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። የዓላማው ማዕከል የአገር ውስጥ ዋጋ ነበር። ንግድ አንድ አገር ራሱ ሊያመርት ከሚችለው በላይ እንዲጠቀም ያስችለዋል፤ ነገር ግን ትርፉና ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። እንጀራ ገዝቶ የሚበላው ከተሜና ጤፍ የሚሸጠው ገበሬ ሚዛኑን ከየበኩላቸው ያዩታል። ምጣኔ ሀብት የእያንዳንዱን ምርጫ ዋጋ ሊያሳየን ይችላል፤ ዋጋውን ማን ይክፈል የሚለው ግን የፍትሕ ጥያቄ ስለሆነ በሥዕሉ ብቻ አይመለስም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በጀት የምትደለድሉት፣ ዕቅድ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። «አማራጭ የለም» የሚል ሰነድ ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት መስመሩ ላይ ነን ወይስ ከመስመሩ በታች ብላችሁ ጠይቁ። መስመሩ ሲሣል የማን ጉልበት ሳይቆጠር እንደቀረም መርምሩ።