የጸደቀውን እንቁጠር
(በማኅበራችን የጥቅምት ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሣ ስለ ወርኃዊ ቁጠባ የምንናገር ይመስላችኋል። ዛሬ የምናነሣው ግን ሱሉልታ ባለችን ቁራሽ መሬት ስለተከልነው ችግኝና ስለ ሳሩ ነው። እሱም ቢሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

በሐምሌ 300 የጥድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኝ ተከልን። በመስከረም መጨረሻ ሄደን አንድ በአንድ ስንቆጥር የቆሙት 211 ናቸው። ከቀሩት ከፊሉን ከብት በልቶታል፣ ከፊሉን አረም ውጦታል። እኛ የመርካቶ ሰዎች ነን፤ ነጋዴ የሚቆጥረው የገዛውን ብቻ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ዓለም ሁሉ ሰምቷል። የተከላ ቀን እንደ በዓል ነው። የችግኙ ፈተና የሚጀምረው ግን ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ በደጋው ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በልግ ካልረዳን እስከ ሰኔ በቂ ዝናብ የለም።

ስለዚህ በዚህ ወር ሦስት ሥራ አለብን።

አንደኛ፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ የችግኙን ዙሪያ እንኮትኩት፤ ግንዱን ሳናስነካ ደረቅ ሣር እንጎዝጉዝበት።

ሁለተኛ፣ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ጀሪካን ገዝተን፣ ታችውን በቀጭኑ በስተን፣ ከየችግኙ አጠገብ እናስቀምጥ። ውኃው በጠብታ ሥሩ ድረስ ይወርዳል።

ሦስተኛው ሳሩ ነው። የሱሉልታን ድርቆሽ አዲስ አበባ ላም ያላቸው ሁሉ ያውቁታል። ከብት ከማስገባት በማጭድ አጭደን ብንሸጥ ችግኙ ይተርፋል፣ የጥበቃው ደመወዝም ከሽያጩ ይደገፋል። ራቁቱን በቀረው መሬት ዳር ያለው ሳር ግን አሁን አይታጨድ፤ ፍሬው በስሎ ከፊሉ እዚያው ይርገፍ፣ ከፊሉን ለቅመን በጆንያ አድርቀን ለሰኔ እንዝራው። ተዳፋቱ ላይ በክረምቱ መግቢያ የደሾ ሳር ሥር ከፋፍለን እንተክላለን፤ አፈር ይይዛል፣ መኖም ይሆናል።

“ለምን ባሕር ዛፍ አንተክልም? አጠና ተራ ገበያው አለ” ያላችሁ እናቶች አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን ከሥሩ ሳር እንደልብ አይበቅልም። አጠናውን ለመሸጥ ዓመታት ስንጠብቅ በየጥቅምቱ የምናገኘውን ድርቆሽ እናጣለን።

እንግዲህ ውሳኔ የምንጠይቀው ይህን ነው። ለመጪው ዓመት ከለጋሾቻችን የሚገኘው ገንዘብ ግማሹ ለችግኝ፣ ግማሹ ለአጥር፣ ለውኃና ለጥበቃ ይሁን። የምንተክለው ቁጥር ያንሳል፤ የሚያድገው ግን ይበዛል ብለን እናምናለን። በሪፖርታችንም “የተተከለ” ከሚለው ዓምድ ጎን “የጸደቀ” የሚል ሌላ ዓምድ ይግባ፤ ቆጠራውም በየዓመቱ በጥቅምትና በግንቦት ይደረግ።

ለጋሾቻችን፣ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ያንሳል፤ አትደንግጡ። ልንጠየቅበት የሚገባው ቁጥር እሱ ነው።

የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ።