የወሎ አንድ ዓመት፤ 1965
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ማኅበሩ እንድንናገር በጋበዘን ጊዜ ርእሱን ለእኛው ትቶልን ነበር። ከወረባቦና ከቃሉ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበን ስንመካከር፣ ከመካከላችን አንዱ ከቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ የዓመት መጽሐፍ ይዞ መጣ። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ለያንዳንዱ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት አንድ አንድ ቦታ ይሰጠዋል፤ የሕዝቡ ብዛት፣ የገዢው ስም፣ መኸሩ፣ ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመንግሥቱ ገቢና ወጪ በየተራ ይጻፋል። አንባቢው የአገሩ ዓመት እንዴት እንዳለፈ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይረዳል።

ሚሺጋንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የመኪና ፋብሪካ አገር ናት፤ ዲትሮይት የምትባለው ከተማ የምትገኘው በርሷ ነው። በ1951 ዓ.ም. ገዢው ሚስተር ዊልያምስና ሕግ አውጪው ምክር ቤት በግብር ነገር ሳይስማሙ ቀሩና የግዛቲቱ ካዝና ጥሬ ገንዘብ አጠረው። ሚያዝያ 29 ቀን፣ በፈረንጆች ሜይ 7 ቀን 1959 መሆኑ ነው፣ የመንግሥቱ ሠራተኞች ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ወሬው በአሜሪካ ሁሉ ተሰማ፤ ሚሺጋንም መቀለጃ ሆነች። ደመወዙ ኋላ ተከፍሏል። በሚቀጥለው የፈረንጆች ዓመት በተደረገው ቈጠራ የሚሺጋን ሕዝብ 7 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህል ሆኖ ተገኘ።

እኛም፣ ‹ለወሎስ እንዲህ ያለ ገጽ ለምን አንጽፍለትም?› ተባባልን። የመረጥነውም ዓመት 1965 ነው። ቀላል ሥራ መስሎን ነበር።

ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምን። መስመሩ የሕዝብ ብዛት ይላል፤ በ1965 ግን የወሎ ሕዝብ ተቈጥሮ አያውቅም ነበር። በናሙና የተሠሩ ግምቶች ነበሩ እንጂ ኢትዮጵያ ሕዝቧን በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የቈጠረችው በ1976 ነው። እንግዲህ በዚያ ዓመት በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ስንት ሰው እንደ ነበረ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ስንት ሰው እንደ ጐደለም የሚያውቅ የለም። የረኃቡን ሟቾች አንዱ ጥናት 40 ሺህ ሲላቸው ሌላው 200 ሺህ ይላቸዋል። በሁለቱ ግምቶች መካከል 160 ሺህ ነፍስ አለ። ከሚሺጋን ሠራተኞች አንዱም ደመወዙን ሳይቀበል የቀረው ስሙ በመዝገብ ላይ ሳለ ነው፤ በእኛ አገር ግን ሰዎቹ ወደ መዝገብ ሳይገቡ ከዓለም ወጡ።

መኸሩን በአጭሩ እናልፈዋለን። የ1964 ክረምት ከፋ፤ ቀጥሎም የ1965 በልግ ቀረ። ክረምቱን ያጣ ገበሬ ተስፋው በልግ ነበርና ሁለተኛው ድርቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ጐዳው። እኩል አራሹና የሲሶ አራሹ ከዚያው ከጥቂቱ ምርት ለባለመሬቱ የሚያካፍል ነበር። በቆላው በኩል ደግሞ አፋሮች በድርቅ ጊዜ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት የአዋሽ ዳር ሣር ከዓመታት በፊት ጀምሮ ለተንዳሆ የጥጥ እርሻና ለመሰሎቹ ተሰጥቶ ነበር። ጥጡን የሚያጠጣው አዋሽ ነው፤ ከብቶቹ ግን የሚጠብቁት ዝናም ነበር። ቢስቲማን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ካርታ አያሻውም፤ ወረባቦ በስተምሥራቅ ወደ አፋር ምድር ቁልቁል የሚወርድ ወረዳ ነውና።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ብዙ የምንለው በዚህ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጐዳና በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ፣ ሐይቅን ነክቶ፣ ወደ ወልዲያና ወደ ቆቦ ይሄዳል። ከኮምቦልቻም አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በባቲ በኩል ወደ አሰብ ወደብ ይወርዳል። ረኃቡ የበረታባቸው ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል፣ ቃሉና አውሳ በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ግራና ቀኝ ያሉ አውራጃዎች ናቸው። ወሎ ከዓለም ተለይታ በገደል ውስጥ የተዘጋች አገር ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀላሉ በተፈታ ነበር፤ ግን አይደለችም። የተራቡት ሰዎች ራሳቸው ከየመንደሩ ወጥተው ወደ ጐዳናው መጡ፤ የሚያልፈውንም መኪና እያቆሙ ለመኑ። መጠለያዎቹም የተከፈቱት በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች ነበር።

የጭነት መኪናዎቹስ ምን ይዘው ነበር? ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በፈረንጆች 1981 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ነገር መርምረዋል። በአገሪቱ በጠቅላላ የዚያ ዓመት ምርት ከወትሮው የቀነሰው በመቶ 7 ያህል ብቻ ነው። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም ረኃቡ በበረታበት ወራት እንኳ ከቀድሞው እጅግ አልራቀም። እንዲያውም እህል ከወሎ እየወጣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ እንደ ነበር ተዘግቧል።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ አላመንንም። ረኃብ ካለ እህል ይወደዳል ብለን ነበር የምናስበው። (ከኢኮኖሚክስ ክፍል የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ብትስቁብን አንቀየምም።) ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ገበሬው እህሉ ሲደርቅበት የጠፋው የሚበላው ብቻ አይደለም፤ ሸጦ ጨውና ልብስ የሚገዛበት፣ ግብር የሚከፍልበትም አብሮ ጠፋ። በሬውን ሊሸጥ ገበያ ቢወጣ ጐረቤቱም በሬውን ይዞ ቆሟል፤ ሣር የለምና የሚገዛም የለም፤ የከብት ዋጋ ወረደ። ቤት ያለው ሰው አሽከሩን አሰናበተ። የቀን ሥራም አልነበረም፤ ዛሬ የምናውቃቸው የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ጨርቃ ጨርቁም ሆነ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ገበያው የሚፈልገው እህል ሳይሆን ገዢ ነበር፤ ነጋዴውም ገዢ ወዳለበት ጫነ።

በዚህ ትንታኔ ሁሉም ሰው አይስማማም። ከመንገድ የራቀው ባላገር እህሉ ቢገኝ እንኳ በአህያና በሰው ጫንቃ ካልሆነ በቀር የሚደርስለት አልነበረም የሚሉ አሉ። ቢስቲማም ከአውራ ጐዳናው ወጣ ያለች ስለሆነች ይህ አባባል ለእኛ ባዶ አይደለም። ሆኖም መንገድ ላይ የደረሱትም ሞተዋል፤ ስለዚህ እኛ ወደ ሴን እናደላለን።

የመንግሥት ሥራ በሚለው መስመር ላይ ምን እንጻፍ? የእርሻ ሚኒስቴር የሰብሉን መውደቅ ገና በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ያውቅ ነበር። ነገሩ በይፋ አልተነገረም። በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ ገደማ፣ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው መጡ፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ውስጥ ለተማሪዎች ታዩ። ይህን ለመምህራኖቻችን ፊት ለፊት ስንናገር ደስ ይለናል፤ ከገጹ ላይ አንድ የሚያስመካ መስመር ቢኖር ይህ ነውና። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው። ልብ በሉ፤ 1965 አልቋል። ዓለም ስለ ወሎ የሰማው ክፉው ጊዜ አብዛኛውን ሰው ከወሰደ በኋላ ነበር። ይኸው ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረኃቡን ለዓመት የሸሸገ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ፊልሙን ያሳዩትም ሰዎች ለራሳቸው ጉዳይ ሲሆን እንጂ ለሟቾቹ ብለው አልነበረም እንላለን። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ የማይስማማ ቢኖር ይከራከረን።

ገጹን ለመሙላት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን የዚያን ዘመን መዝገብ ጠይቀን ነበር። በትሕትና ተቀብለውን፣ ‹ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለዋውጦ፤ የት ይገኛል ልጆቼ› አሉን። ስለዚህ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ቅጽ አዘጋጅተን ወደ ሽማግሌዎች ሄድን። ቅጹ ጨርሶ አልረዳንም። ‹በ1965 ምን ሆነ?› ስንላቸው የሚነግሩን የሰባ ሰባቱን ነው፤ ያኛው ክፉ ቀን ይህኛውን ሸፍኖታል። አንዲት እናት ግን ቅጹን አስቀምጠን ስለ ከብት ስንጠይቃቸው፣ የትኛው በሬ በየትኛው ገበያ እንደ ተሸጠ፣ ከዚያ በኋላም ማን ወደ ደሴ እንደ ሄደና ማን እንዳልተመለሰ ያለ ማቋረጥ ነገሩን። ንጉሡ ሳይወርዱ እንደ ነበር የተረዳነው ከንግግራቸው መጨረሻ ነው።

ከዚህ የተነሣ አሁን የምንጠይቀው በዓመተ ምሕረት አይደለም። አምስት ጥያቄዎች አሉን፤ መጀመሪያ ምን ተሸጠ፤ የት ተሸጠ፤ ከቤቱ ማን ወጣ፤ በየትኛው መንገድ ሄደ፤ ማን ተመለሰ። በዚያ ዓመት የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ 65 ዓመት አልፎታል፤ ከጠየቅናቸውም አንድ አባት እስክንመለስ አልቈዩልንም።

ለመጪው ክረምት ከየአገራችሁ አንድ አንድ ቀበሌ እንድትወስዱ እንለምናለን። ደብተሮቹን የማኅበሩ ጸሐፊ ያድላል፤ እርሳስ ግን ይዛችሁ ኑ። ከወረባቦ ቆላ ለሁለት ቀበሌዎች እስካሁን ሰው አላገኘንም። አገሩን የሚያውቅ፣ አፋርኛም የሚሰማ ጓደኛ ካለ ከስብሰባው በኋላ በበሩ በኩል ይጠብቀን።