ወጥ ሲያር ማማሰያውን ተዉት

ምስር ወጡ ተጥዶ ስልክ ይደወላል፤ ወሬው ሲጥም ድስቱ ከሥር ይይዛል። ሽታው ቤቱን ሲሞላ አብዛኞቻችን ሮጠን ማማሰያ እናነሣና ሥሩን መፋቅ እንጀምራለን። ወጡን የሚገድለው ይኸው ነው። መጀመሪያ የሚያረው ሥሩ ብቻ ነው፤ ላይኛው ገና ደህና ነው። ምሬቱን የምናዳርሰው እኛው ነን።

ይልቅ እሳቱን አጥፉና ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፤ ወፍራም ድስት ከወረደ በኋላም ማብሰሉን አይተውም። ከዚያ ላይ ላዩን በጭልፋ እየቀዳችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ጭልፋው የተጣበቀ ነገር ሲነካ እዚያው ይቁም፤ ስስት እዚህ ላይ ያከስራል። ቅመሱት። ጥቂት የጭስ ጠረን ብቻ ከሆነ ፍል ውሃ ጨመር አድርጎ ክዳኑን ከፍቶ ማንተክተክ ይበቃል። ከመረረ ግን ቅቤም በርበሬም አይሸፍነውም። ድንች ምሬቱን ይመጥጠዋል የሚባለውን እኔ በበኩሌ አላምንበትም።

ያረረው ቁሌቱ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በርበሬ ደረቅ ድስት ላይ ለአፍታ ቢረሳ ይመራል፤ እናቶቻችን ውሃ ጠብ እያደረጉ የሚያቁላሉት ለዚሁ ነው። እዚያ ላይ ማዳን የሚባል የለም፤ እያለቀሱም ቢሆን አዲስ ሽንኩርት መክተፍ ነው። ደግነቱ ምስሩ ገና አልገባም።

ድስቱንስ? ውሃና ሳሙና አፍሉበትና ይደር፤ ጠዋት ብዙ ሳያታግል ይለቃል።