ጭማቂውን አትድፉት፦ ለኬክና ለዳቦ ጋጋሪዎች ሥልጠና የተደረገ የመክፈቻ ንግግር



ሱቅ ዘግቶ ለሥልጠና መምጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ ንግግሬን አላረዝምም።

አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ሳለን ቼሪን የምናውቃት ቶርታ አናት ላይ ጉብ ብላ ነው። እሷ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተፈጥሮ ቀለሟ በኬሚካል ተመጥጦ እንደገና የተቀባች ናት። ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላዋ ነው። ከሲያትል ተነስታችሁ የካስኬድ ተራሮችን ስትሻገሩ ያኪማ ሸለቆ ውስጥ በሰኔና በሐምሌ ትለቀማለች፤ ዘሯ ወጥቶ፣ በብርቱ ብርድ አንድ በአንድ በረዶ ሆና በከረጢት ትመጣለች። ጠቆር ካሉት ዝርያዎች ስመ ጥሩው ቢንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ኦሪገን ውስጥ ሴት ሉዌሊንግ በተባለ ሰው የችግኝ ጣቢያ የተገኘ ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው እዚያው የሠራተኞች አለቃ ከነበረው ቻይናዊ ከአህ ቢንግ ነው። ስደተኛ ሠራተኛ ስሙን በፍሬ ላይ ሲተው ደስ ስለሚለኝ ነው ያነሳሁት።

ወደ ሥራችን እንግባ። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ የበረዶውም ስለት የፍሬዋን ሥጋ ይበሳል። በረዶዋ ሲለቅ ቼሪዋ ትለሰልሳለች፣ ጭማቂዋም ይፈስሳል። ብዙዎቻችን ትርፍ ውሃ መስሎን እንደፋዋለን። ቀለሙም ስኳሩም ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው! አጥልላችሁ ከበቆሎ ስታርች ጋር ብታበስሉት ግሩም የቶርታ መሙያ ይወጣዋል። ለማፊን ሊጥ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታሟሟት፤ እንደ ድንጋይ እንደሆነች ዱቄት አልብሳችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሯት።

አንድ ጊዜ በዚሁ ቼሪ የጾም ኬክ ጋገርኩ። እንቁላል ስለሌለው በቤኪንግ ሶዳ ነው የሚነፋው፤ እኔም ሶዳውን አበዛሁት። ደንበኛዬ ስትቆርጠው በየቼሪው ዙሪያ አረንጓዴ ሆኖ አገኘችውና «ሻግቷል» ብላ መለሰችልኝ። አልሻገተም። የቼሪ ቀለም ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ይቀላል፣ ሶዳ ሲበዛበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። ሶዳውን ቀንሼ ትንሽ ሎሚ ጠብ ባደርግበት ኖሮ አላፍርም ነበር።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። በረዶ ጀርምን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ስለዚህ እሳት ለማይነካው ክሬም የምትጨምሩትን ቼሪ አስቀድማችሁ አፍሉት። ፍሪዘሩም ከ0 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እንዳይሞቅ። ሁለተኛ፣ ማሽን አልፎ አልፎ ዘር ያመልጠዋል። ከረጢቱ «ዘር የለውም» ቢልም በእጃችሁ ዳስሱት፤ ለተሰበረ ጥርስ የምትጠየቁት እናንተ እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ፍሪዘሩ ውስጥ ለየጠረጴዛው አንድ አንድ ከረጢት ተዘጋጅቷል። ግማሹን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጠን ሲለቅ እናያለን፣ ግማሹን እንደቀዘቀዘ ሊጥ ውስጥ እንከተዋለን። እጃችሁን ታጠቡ፣ ፀጉራችሁን ሸፍኑ። ሥልጠናው ተከፍቷል።