የአባቶች የሽንት መድኃኒትና የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ የቁጠባ ሪፖርት አላቀርብም፤ የማወራው ስለ ዓይን ነው። ሐኪም ሳልሆን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ነገር ግን ጉዳዩ የወረቀትም ስለሆነ ይመለከተኛል።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ ከዓይን ሞራ እንደሚመጣ አሳይቷል። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከእስቴም ከጋይንትም በሰው እየተመሩ መጥተው፣ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ የልጆቻቸውን ፊት የሚያዩ አሉ። ስለዚህ ማንም የምናገረውን ሰምቶ ሕክምናውን እንዳይፈራ።

ሞራ በሚመጣበት ዕድሜ ወንዶችን ሌላም ነገር ይይዛቸዋል፤ ፕሮስቴት የሚባለው እጢ እያደገ የሽንታቸውን መንገድ ያጠበዋል። ለዚህ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ታምሱሎሲን ነው፤ ልጆች ከውጭ አገር ሲልኩት ፍሎማክስ ተብሎም ይመጣል። የሽንት መውጫውን ጡንቻ ያላላል። ጥሩ መድኃኒት ነው። ችግሩ የዓይንን ብሌን የሚከፍተውንም ጡንቻ ማላላቱ ነው።

ሞራው ያለው ከብሌኑ ኋላ ስለሆነ ሐኪሙ የሚሠራው በዚያች ቀዳዳ በኩል ነው፤ አስቀድሞም በጠብታ ያሰፋታል። ታምሱሎሲን የወሰደ ሰው ግን ብሌኑ በደንብ ላይሰፋ ይችላል፤ ሰፍቶም በሥራው መካከል ሊጠብብ ይችላል። ዙሪያውን ያለው ባለቀለሙ ክፍል፣ ወንዝ ላይ ስናጥበው ውኃው እንደሚያውለበልበው ነጠላ ይሆናል። ያኔ ሞራውን የያዘው ስስ ከረጢት ሊቀደድ፣ ዓይኑም ሊጎዳ ይችላል። ይህን ቻንግና ካምቤል የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በ1997 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2005) ጽፈውታል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ግን ይዘጋጃል፤ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ብሌኑን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቀለበትም አለ።

ታዲያ ለምን አይነገረውም? አባቶቻችን ስለ ሽንታቸው ለዓይን ሐኪም አያወሩም። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባሉ «የለም» ይላሉ። ለመዋሸት ብለው አይደለም፤ ዓይንና ሽንትን ምን አገናኛቸው? አንድ አጎቴ ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ስለቆመች ብቻ አፍረው «ምንም አልወስድም» ብለዋል። ደግነቱ ክኒኑን በየማታው የምትሰጣቸው እሷው ነበረችና ተናገረች። በየቤቱ መድኃኒቱን የምናስቀምጠው፣ ሐኪም ቤት የምናደርሰውም እኛ ነን።

ወረቀቱም አያግዝም። መድኃኒቱ የታዘዘው ደብረ ታቦር፣ ዓይኑ የሚታከመው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ከሆነ አንዱ ካርድ ሌላውን አያውቀውም። ክኒኑ በትንሽ ላስቲክ ከመጣ ደግሞ ስም የለውም። እኔ ስም የሌለው ወጪ አልመዘግብም! ፋርማሲው ስሙን እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ ማሸጊያ ካለውም ሳትጥሉ ከካርዱ ጋር ይዛችሁ ሂዱ።

ሰምታችሁ ደግሞ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታስቆሟቸው። ሽንት ሊዘጋ ይችላል፤ ካቆሙት ከብዙ ጊዜ በኋላም ብሌኑ ሊያስቸግር ስለሚችል ማቆሙ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ዱሮ ወስደው የተውትም ይነገር። ለኩላሊት ጠጠር ለሴቶችም የሚታዘዝበት ጊዜ ስላለ፣ እናንተም የራሳችሁን አስታውሱ።

ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስልክ ያላችሁ ስትወጡ ፎቶ አንሡት፤ ለሌላችሁ በወረቀት እጽፍላችኋለሁ።