ግልገል ያስከተለች ጉማሬ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ግልገሎቿን የተነጠቀች ድብ እንዴት እንደምትቈጣ ከመጽሐፍ ቅዱስ እየሰማን አድገናል። ድብ ግን በሀገራችን ስለማትገኝ አይተናት አናውቅም። እርሷ በምትኖርባቸው አገሮች፥ ለምሳሌ በስዊድን፥ የአደን ፈቃድ የያዘ ሰው እንኳ ግልገል ባስከተለች ድብ ላይ እንዳይተኩስ ሕግ ይከለክለዋል። በእኛ በፎገራ ሜዳ ይኸው ጥያቄ የሚነሣው በጉማሬ ነው። ዛሬም ልንነግራችሁ የተነሣነው ይህንኑ ነው።

ፎገራን ለማታውቁ፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ ከተማ ትገኛለች፤ ከእርሷ በስተምዕራብ እስከ ጣና የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ ያጥለቀልቁታል። ሜዳው ቀድሞ በከብቱ ይታወቅ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሩዝ ለምዶበታል። ጉማሬ ቀን ከውሃ ውስጥ ትውላለች፤ ሲመሽ ሣር ልትግጥ ትወጣለች። ለእርሷ ሩዝም ያው ሣር ነው። በመጋጥ ያልጨረሰችውን በእግሯ ትደመስሰዋለች።

ለዕረፍት ወደ ሀገራችን በወረድንበት ጊዜ አንድ ገበሬ አባት ያጫወቱንን እናስታውሳለን። ሩዛቸው ሊታጨድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ሌሊት ከማማቸው ላይ ሆነው ሲጠብቁ ጉማሬ ገባች። ቆርቆሮ ቢመቱ፥ ጅራፍ ቢያጮኹ አልሄደችም። ጠመንጃቸውን አንሥተው ሲያነጣጥሩ በጨረቃው ብርሃን ከኋላዋ ግልገሏን አዩ። ጠመንጃቸውንም መልሰው አወረዱ። ሲነጋ ከማሳው የሚበልጠው ክፍል ጠፍቶ ተገኘ፤ ባለቤታቸውም «ለልጆቻችን ምን ልናበላ ነው?» ብለው አለቀሱ። እኒህ አባት ታሪኩን ከጨረሱ በኋላ፥ «እናንተ የተማራችሁ ልጆቼ፥ ደግ አደረግሁ ወይስ ተሳሳትሁ?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ ተያይተን ዝም አልን። ይህ ንግግር የዘገየ መልሳችን ነው።

ደግ አድርገዋል እንላለን፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ጉማሬ ስምንት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ በየዓመቱም አትወልድም። ግልገሉ ወራት ሙሉ ከእናቱ ጡት አይለይም። ስለዚህ እናቲቱን የገደለ ሰው በአንድ ጥይት ሁለት ገደለ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የሚሞተው ግን ቀስ ብሎ፥ በረኃብ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ1998 ዓ.ም. ጉማሬን ለመጥፋት ከተጋለጡት እንስሳት መካከል መዝግቧታል።

ሁለተኛ፥ አባቶቻችን ግዳይ ለጣለ ሰው ፎክረውለታል፤ የተፎከረለት ግን ከአውሬው ጋር ተፋጥጦ ስላሸነፈ ነው። ግልገሏን ትታ መሸሽ የማትችለውን እናት መተኰስ በእናትነቷ ተጠቅሞ መግደል ነው፤ በዚህ ዘራፍ ማለት የሚያኰራ አይደለም። ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 22 እናት ወፍን ከነጫጩቶቿ መውሰድን ይከለክላል።

ሦስተኛ፥ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። የጣና ሐይቅና አካባቢውም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህን ስንል በጣና ዳር በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ጉማሬ አድነው ይመገቡ የነበሩትን የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። እነርሱ ለጉርሳቸው ያደኑ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከጎረቤቶቻቸው ብዙ ንቀት ደርሶባቸዋል። ደግሞም ጉማሬዋ ሰው ልትገድል ብትመጣ የሰው ሕይወት ይቀድማል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰው በእርሷና በግልገሏ ወይም በእርሷና በውሃው መካከል ሲገባ ስለሆነ፥ ሲመሽና ሲነጋ ከወንዝ ዳር መራቅ ከጠመንጃ የተሻለ መከላከያ ነው።

እንግዲህ ከባዱ ነገር ቀርቷል። ከከተማ ተቀምጦ «አትግደሉ» ማለት ቀላል ነው፤ ያን ሌሊት የምሕረቱን ዋጋ የከፈሉት ግን እኒያ ገበሬ ብቻቸውን ናቸው። እናቲቱ መትረፏ ለሁላችንም ጥቅም ከሆነ፥ ኪሳራውስ ስለ ምን የአንድ ቤት ዕዳ ይሆናል? ሕጉን ያወጣው መንግሥት፥ በጣና ስም የሚኰራው ሁሉ፥ እኛም ተማሪዎች ከዚህ ዕዳ ድርሻ አለን።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ለዕረፍት ስንመለስ ማሳቸው ከወንዝ የሚዋሰን ገበሬዎች ቦይ ሲቈፍሩና አጥር ሲያጥሩ በጉልበታችን እንርዳ። ሁለተኛ፥ በጉማሬ የጠፋውን ሰብል ከባለቤቶቹ ጋር ሆነን እየለካን እንመዝግብና ካሳ ይታሰብ ዘንድ ለወረዳው እናቅርብ፤ ያልተጻፈ ጉዳት ሰሚ አያገኝምና። ሦስተኛ፥ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ከማረስ ይልቅ ለጉማሬ የሚሆን የሣር መሬት ቢተው ምን እንደሚጠቅም ከሽማግሌዎች ጋር እንመካከር፤ መሬቱ የእነርሱ ነውና ምክሩም ከእነርሱ ይጀመር።

እኒያ አባት በሚመጣው ኅዳርም ከማማቸው ላይ ያድራሉ። ግልገል ያስከተለች ጉማሬ እንደገና ብትመጣባቸው ጠመንጃቸውን ያወርዱ እንደሆነ፥ ነገሩ በእርሳቸው ደግነት ብቻ የሚወሰን መሆን የለበትም።